በድራማ መሃል የተባለ አሚን

ይህ የገጠመኝ አስረኛ ክፍል ተማሪ እያለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አልፏል፤ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ሥራም ይዣለሁ። ግን እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ባንድ ድምፅ «አሚን» ሲል ስሰማ ፊቴ ይግላል። ሌላው ሰው በዱዓ ልቡ ሲረጋ እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ መሬት መሬት አያለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስትስቁ ግን ትንሽ እዘኑልኝ።

ያደግኩት ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። አባቴ ማሽላና ጤፍ ያርሳል፣ ከብትም አለው። በዚያን ጊዜ አንድ ድርጅት በቀበሌያችን የወጣቶች ክበብ አቋቁሞ «የሕይወት ክህሎት» የሚባል ሥልጠና ይሰጥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በገበሬ ማሰልጠኛው አዳራሽ እንሰበሰባለን። የሚያሠለጥነን ከደሴ የመጣ ዮናስ የሚባል ወጣት ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም «ቲቸር» ነበር የሚለው። ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ንዴትን ስለ መቆጣጠር፣ ከወላጅ ጋር ስለ መነጋገር ያስተምረናል። ሲያበቃ ዳቦና ለስላሳ ይታደላል። እውነቱን ለመናገር እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ለለስላሳው ነው።

በኋላ ግን «እምቢ ማለት» የሚባለው ትምህርት መጣና ልቤን ወሰደው። ቲቸር እንዳስተማረን እምቢ የሚል ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዓይን ዓይን ያያል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አልፈልግም» ይላል፣ ምክንያቱንም ይናገራል። ጥንድ ጥንድ እየሆንን ተለማመድን። ሌሎቹ ልጃገረዶች ሳቃቸው እያመለጣቸው ወይም አንገታቸውን እየደፉ ሲያበላሹት፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ «አልፈልግም!» ስል አዳራሹ ያስተጋባል። ቲቸር «እንደ ራህማ ነው! ሁላችሁም እንደ ራህማ!» ይላል። ራህማ እኔ ነኝ። ያን ሰሞን መሬት ረግጬ የሄድኩ አይመስለኝም።

ቤትም ሞክሬዋለሁ። እናቴ ውሃ ቅጂ ስትለኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩና ዓይን ዓይኗን እያየሁ «አልፈልግም፤ ምክንያቱም የማጠናው አለኝ» አልኳት። እናቴ ገንፎ የምታገላብጥበትን ማማሰያ እንደያዘች ዞረች።

«ምን አልሽ አንች?»

ጀሪካኑን አንስቼ ሮጥኩ። መንገድ ላይ «ቲቸር ማማሰያ ለያዘ ሰው እንዴት እንደሚባል አላስተማረንም» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በጊዜው ትምህርት ሊሆነኝ ይገባ ነበር። አልሆነኝም።

ሥልጠናው ሲጠናቀቅ ሕዝቡ ተጠርቶ፣ የዞን እንግዶችም ከከሚሴ መጥተው የተማርነው እንዲታይ ተወሰነ። ቲቸር ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ድራማ አዘጋጀ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ አባት ይሰጣል፣ ልጅቱ ተነስታ እምቢ ትላለች፣ አባትም ይቀበላታል። ልጅቱ ማን እንደምትሆን ማንም አልተከራከረም።

ቲቸር ነገሩ እውነት እንዲመስል ፈለገ። ወጣት ልጅ ጥጥ ጺም ለጥፎ ሽማግሌ ቢሆን ሰው ይስቃል ብሎ እውነተኛውን ሽማግሌ ሸህ እንድሪስን ለመናቸው። በእኛ አገር ሸህ እንድሪስ ያላጋቡት ሰው ጥቂት ነው። እሳቸውም «ለልጆች ትምህርት ከሆነ ምን ገዶኝ» ብለው እሺ አሉ። አባት የሚሆን ሲፈለግ ሁሉም ሸሸ፤ በሰው ልጅ ላይ «ሰጥቻለሁ» ማለት ማንም አልወደደም። በመጨረሻ የራሴ አባት «እንግዲያው የራሴን ልጅ እኔው ልስጥ» አለ። አባቴ እንድማር ይፈልግ ነበር፤ አስረኛን ካለፍኩ ከሚሴ ቤት ተከራይቶልኝ እንደምቀጥል ቃል ገብቶልኛል። ሕዝብ ፊት እምቢ ስለው ሰምቶ «እሺ ልጄ፣ ተማሪ» የሚልበትን ቀን በጉጉት ይጠብቅ ነበር።

ሙሽራ የሚሆን ልጅም ጠፋ። በአገር ፊት እምቢ መባል የሚወድ ማን አለ? ያኔ ሰይድ እጁን አወጣ። ሰይድ የጎረቤታችን የእትዬ ዘምዘም አንድ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ትምህርቱን ከስምንተኛ አቋርጦ የእናቱን ማሳ የሚያርስ ዝምተኛ ልጅ ነበር።

«እምቢ የሚባል ሰው ካስፈለገ እኔ ልሁና» አለ።

ቀኑ ደረሰ። የማሰልጠኛው ግቢ በሰው ሞላ። ከከሚሴ የመጡት እንግዶች ፊት ለፊት ወንበር ላይ፣ አባቶች ባንድ ወገን፣ እናቶች በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። ሸህ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ይዘው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። ከአባቴ ጋር ሰላምታው፣ የከብቱ ደህንነት፣ የዝናቡ ነገር ልክ እንደ እውነቱ ተጠየቀ። ልጅ ፍለጋ መምጣታቸውን ተናገሩ። አባቴም ጉሮሮውን ጠራርጎ «ለሰይድ ሰጥቻለሁ» አለ።

ሸህ እንድሪስ ወደኔ ዞሩ። ልጅቱን መጠየቅ የሃይማኖቱም ደንብ ነውና ይህን ክፍል ራሳቸው ናቸው ያስገቡት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ ለሰይድ ሰጥቶሻል። አንችስ ምን ትያለሽ?»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዓይን ዓይናቸውን ለማየት ቀና ስል ከሳቸው ኋላ ያለው ሕዝብ ሁሉ ታየኝ። እናቴ ታየችኝ። የክፍሌ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ታዩኝ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። «አል» የምትለው እንኳ አልወጣ አለች።

በአዳራሹ በር ላይ ከተሰቀለው መጋረጃ ኋላ ቲቸር «አልፈልግም በይ! አልፈልግም!» እያለ ያንሾካሹካል። እኔ የማደርገው ሲጠፋኝ ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ተሸፈንኩ። የተስማማች ልጃገረድ የምታደርገው ልክ ይህንኑ ነው። ሸህ ደግመው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሱም የባሰ ነገር ሆነ።

ሸህ እንድሪስ ትንሽ ጠበቁ። በድራማው ከዚህ በኋላ ተነስተው መሄድ ነበረባቸው፤ ግን የሚያስሄዳቸው ቃል አልመጣም። ዕድሜ ልካቸውን ሲሸመግሉ የኖሩ ሰው ናቸውና ልማዳቸው ቀደማቸው።

«የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ ያግባባቸው፤ አላህ ቤታቸውን ይሙላው፤ አላህ ዘራቸውን ይባርክ።»

«አሚን!» አለ ሕዝቡ።

በወሎ ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ «አሚን» ታስቦበት የሚባል ነገር አይደለም፣ አፍ በራሱ ይላል። አባቴ አሚን አለ። እናቴ አሚን አለች። ከከሚሴ የመጡት እንግዶችም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጃቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ከእናቶች ወገን እልልታ ቀለጠ። ቲቸር ከመጋረጃው ወጥቶ «ይቅርታ፣ እምቢ ነበር ማለት ያለባት» ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። እኔ በአዳራሹ ኋላ ወጥቼ በማሽላው መሃል ወደ ቤት በረርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሙሽሪት» ሆነ። ትምህርት ቤት ሙሽሪት፣ ገበያ ሙሽሪት። የእምቢ አንደኛዋ እሺ ብላ ተዳረች ተባልኩ። ይህን ያህሉንስ ችዬው ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ግን አንድ ማለዳ እትዬ ዘምዘም ሁለት ሽማግሌ አስከትላ ቤታችን መጣች።

«አካም ቡልተን?» አለች ከደጅ፤ እንዴት አደራችሁ ማለቷ ነው። ገብታ ሳትቀመጥ ከጉያዋ አረንጓዴ ሻርፕ አውጥታ ራሴ ላይ ጣል አደረገችልኝና ግንባሬን ሳመችኝ። እኔ አሁንም ዝም።

አባቴ ግራ ገባው። «እት ዘምዘም፣ ያ እኮ ድራማ ነው» አላት።

«ድራማውስ የናንተ ነው አያ ሁሴን። አሚኑ ግን የማን ነው?» አለች። «አንተ ሰጠሁ ብለሃል። ልጅቱ ተጠይቃ ዝም ብላለች። አገር ሙሉ አሚን ብሏል። እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ይህን ሁሉ ዱዓ ረግጨ ልጀን ሌላ ቤት ባጋባው፣ አላህ ምን ይለኛል? ወላሂ ከዚያን ቀን ወዲህ ልቤ እረፍት የለው።»

ሴትዮዋ ልጅ ፈልጋ ሰበብ የምትፈጥር አልነበረችም፤ ከልቧ ፈርታለች። ፍርሃቷ ደግሞ ወደ አባቴ ተጋባ። እሱም ዱዓ ቀልድ እንደሌለው እየሰማ ያደገ ሰው ነው። ሲሄዱ ሸኝቷቸው ተመለሰና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ከሰው ፊት ሰጠሁ ያልኩ እኔ። ዝም ያልሽ አንች» አለኝ። «አሁን ቃሌን ልብላ ወይስ ልጀን? ሸህ የሚሉትን እንሰማለን።»

ፈተናው ሊደርስ ነው። ከሚሴ፣ ቤት ኪራዩ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሁሉ ከፊቴ እየራቀ ሲሄድ ታየኝ። ያገደኝ ደግሞ ክፉ አባት ወይም ጨካኝ ባል አይደለም፤ የገዛ አፌ ነው። ቲቸር ወሬውን ሰምቶ ሲመጣ ከኔ ብሶበት አገኘሁት። «ጋብቻ አስቀር ተብዬ ተልኬ ጋብቻ አስፈጸምኩ» እያለ ራሱን ይይዛል።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሸህ እንድሪስ ቤት ተሰበሰብን። አባቴ፣ እትዬ ዘምዘም፣ ሰይድ፣ ቲቸር፣ እነዚያው ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ። ቲቸር ተነስቶ ስለ መብትና ስለ ሕግ ሊናገር ሲጀምር ሸህ በእጃቸው አስቀመጡት።

«ሕጉን እኛም እናውቀዋለን፣ ልጀ። በድራማው እሷን ሳልጠይቅ አለፍኩ? የምጠይቀው ለዚህ አይደለም? ያልገባኝ ሌላ ነው። እምቢ እንድትል የመጣች ልጅ ለምን ዝም አለች?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እጄ እንደገና ወደ ሻሼ ሄደ። ይኸው ነው፣ አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

ያኔ ሰይድ ከበሩ አጠገብ ብድግ አለ። መሬት መሬት እያየ «እኔ ነኝ» አለ። «ሰው ይሳቅ ብዬ፣ ስትጠየቂ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

እትዬ ዘምዘም ጉልበቷን መታች።

«በዱዓ ቀለድክ? አንተ ልጅ፣ በሸህ ዱዓ?»

የሸህ ፊት ጠቆረ። ሽማግሌዎቹ «ላሃውላ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ አገር በዱዓ የቀለደ የተባለ ሰው ስሙ በቀላሉ አይጸዳም፤ ልጅ የሚሰጠው፣ በሬ የሚያቀናጀው ያጣል። ሰይድ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ፤ እኔ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ነፃ እንድወጣ ብሎ ነው።

ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከአፌ «አይደለም!» የሚል ቃል ወጣ። ደንግጬ ሁለተኛ ደገምኩት። «አይደለም። ውሸቱን ነው። ምንም አላለኝም። ሰው በዝቶ ሳይ አፌ ተያዘ። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩ፣ በዱዓ የቀለደ የለም።»

ሸህ እንድሪስ ፊታቸው ፈታ አለ። «እና አሁን እንደገና ብጠይቅሽስ?»

እንግዲህ አንዴ ከተከፈተ አፌን የሚዘጋው ጠፋ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሸህን ትቼ እትዬ ዘምዘምን ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ልክ እንደ አዳራሹ «አልፈልግም! ምክንያቱም መማር ነው የምፈልግ!» አልኩ።

ያፈንኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። ግን እትዬ ዘምዘም ዓይኗን ወዲያው ሰበር አደረገች። ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። ሰይድ እንደቆመ ነበር፤ ጆሮው ቀልቷል። በልምምዱ ሁሉ እምቢ የምንለው ሰው ስም እንኳ አልነበረውም፤ እምቢ ብለነው አጨብጭበን ለስላሳ እንጠጣለን። እዚህ ግን እምቢ የተባለው ሰው አሁን እኔን ሊያድን ስሙን ያቆሸሸ ልጅ ነው፤ እናቱም ሻርፕ ይዛ መጥታ ግንባሬን የሳመችኝ ሴት ናት። ሸህ ሲጠይቁኝ ቀስ ብዬ መናገር እችል ነበር። የጮህኩባት ያህል ነው የተሰማኝ። በሕዝብ ፊት ዝም ካልኩበት ይልቅ ይህን ማለቴ አሳፈረኝ።

ሸህ እንድሪስ መዳፋቸውን ዘረጉ። «የተደረገ ዱዓ ይፍረስ አይባልም። አላህ ወደ ሌላ ኸይር ያዙረው። ለሷ ትምህርቷን፣ ለሱ የምትሆነውን ይስጠው። እናቱንም ከስጋት ያሳርፋት።»

ሁላችንም አሚን አልን። ቲቸር ከሁሉም በላይ ጮኾ ነው ያለው። እትዬ ዘምዘምም አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጭን ነበር።

ስንወጣ ተከትያት ሄድኩና ሻርፑን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። «እትዬ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። እጄን መልሳ ገፋችው።

«የሰጠሁትን አልቀበልም» አለችና ሄደች። ተቆጥታ ይሁን አዝና አላወቅኩም።

አስረኛን አለፍኩ፤ አባቴም ቃሉን ጠብቆ ከሚሴ አስተማረኝ። ሰይድ በኋላ የከብት ንግድ ጀመረ፤ እስከ ባቲ ገበያ እየወረደ ይነግዳል፣ ደህና ሚስት አግብቶ ልጆችም አሉት። የሸህ ዱዓ ደርሷል ማለት ነው። ሻርፑን ግን አንድ ቀን አልለበስኩትም። መልበስ አፈርኩ፣ መጣልም አፈርኩ። ከሚሴ ስሄድ በሣጥኔ ሄደ፣ ሳገባም በሣጥኔ ገባ።

ዓምና ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ አንዲት ያረጀች ሴት ክንዴን ያዘችኝ። እትዬ ዘምዘም ናት። አገላብጣ ሳመችኝ። ልጆቼን አንድ በአንድ መረቀች። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረች።

«ይችን ልጅ ከእኔ ቤት ነው የወሰድካት፤ ነግራሃለች?»

አልነገርኩትም ነበር። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ገበያተኛው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። እሷ ስቃ ጠጋ አለችኝ።

«ሻርፑስ? ለበስሽው?»

በሥራዬ ስንት አለቃ፣ ስንት ነጋዴ፣ ስንት የራሴን ዘመድ እምቢ ብያለሁ። አፈ ስል ነው የሚሉኝ። በዚያች ሴት ፊት ግን እንደገና ምላሴ ታሰረ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ሳልነግራት ገባት መሰለኝ፣ እጄን መታ መታ አደረገች።

«ልበሽው እንጅ» አለች። «መልሼ ወስጀ ለምራቴ አልሰጠሁም። የሰይድን ስም ስለመለስሽለት ነው የተውኩልሽ። እሽ በይ?»

ቀና ብላ ባለቤቴን «አየሃት? ዛሬም ዝም ነው የምትል» አለችው።

ዝም አልኩ፤ ሻሼንም ሳብ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ። ይህን ጊዜ ግን ዝምታዬ እሺታ ነበር።